ትልቁ ካሜራ የተፈቀደለትን፣ የኪሱ ካሜራ ያልተፈቀደለትን

ትልቅ ካሜራ የተሸከመ ሰው ሠርግ ቤት ሲገባ መንገድ ይለቀቅለታል። ሚዜዎች ይሰለፋሉ፣ ሙሽራዋ ቬሏን ታስተካክላለች፣ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀና ይላሉ። ትንሽ ካሜራ ከኪሱ መዝዞ ጥግ የቆመውን የአክስት ልጅ ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም። አልበሙ ሲመጣ ሁሉም አምሯል። የሙሽራዋ እናት ጓዳ ገብታ ዓይኗን ስትጠርግ የሚያሳየው ፎቶ ግን አልበሙ ውስጥ የለም፤ ያለው በልጁ ካሜራ ነው።

ስለ ዲኤስኤልአርና ስለ ኪስ ካሜራ የሚደረገው ክርክር ሁልጊዜ ከጥራት ይጀምራል። ስንት ሜጋፒክስል ነው? ጨለማ ላይ እንዴት ነው? ሌንሱ ይቀየራል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ መልሱም ብዙ አያከራክርም፤ ትልቁ ያሸንፋል። የፎቶግራፍ ታሪክ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሲመላለስበት የኖረ ሌላ ጥያቄ አለ። ካሜራው የት መግባት ይችላል? በማን ፈቃድ? ይህ ጥያቄ ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይነካታል። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ የሆነውን ዛሬ በፎቶ የምናየው ከየትኛው ዓይነት ካሜራ በተገኘ ምስል እንደሆነ መጠየቅ ብቻ ይበቃል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ዓ.ም. ይባላል።)

የጥራቱን ጉዳይ አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል። ባለሙያ የሚይዘው ሙሉ ፍሬም የሚባለው ዲኤስኤልአር ብርሃን የሚቀበልበት ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ደህና የኪስ ካሜራዎች ሴንሰር 7 በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነበር። በስፋት ሲሰላ ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ከጣሪያ የሚወርድን ዝናብ አንዱ በበርሜል፣ ሌላው በስኒ እንደሚቀበል ማለት ነው። ዝናቡ ዶፍ ከሆነ ስኒውም ይሞላል፤ ስለዚህ ፀሐይ ላይ የሁለቱ ፎቶ ብዙም አይለያይም። ሲመሽ ግን ስኒው ባዶ ይቀራል፤ ፎቶው በነጠብጣብ ይሞላል። በዚያ ላይ የድሮዎቹ የኪስ ካሜራዎች ቁልፉ ተጭኖ ፎቶው እስኪነሳ ድረስ ይዘገዩ ነበር። ኳሱ መረብ ከነካ በኋላ የተነሳ የጎል ፎቶ ለስፖርት ጋዜጣ ምን ይሠራለታል?

ይሁንና ያ 36 በ24 የሚባል ልክ ከየት መጣ? ዛሬ የባለሙያ ካሜራ መለኪያ የሆነው ይህ ቁጥር የተወለደው ከኪስ ካሜራ ነው። ባለሙያዎች ካሜራውን የሚገዙት «ሙሉ» እያሉ ነው፤ በተወለደበት ዘመን ግን ስሙ «ድንክ» ነበር።

ኦስካር ባርናክ በጀርመን ቬትስላር ከተማ ማይክሮስኮፕ በሚሠራው የላይትስ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር። በትርፍ ጊዜው ተራራ እየወጣ ፎቶ ማንሳት ይወድ ነበር፤ ጤናው ግን አይፈቅድለትም፤ አስም ነበረበት። የዚያ ዘመን ካሜራ የእንጨት ሣጥን ነው፤ ፊልሙ የመስታወት ሰሌዳ ነው፤ ማቆሚያው ባለሦስት እግር ነው። ይህን ሁሉ ተሸክሞ አቀበት መውጣት ለአስመኛ የማይሞከር ነው። ባርናክ በ1913 እና 1914 አካባቢ የሲኒማ ፊልም ቁራጭ የሚጎርስ፣ እጅ መዳፍ ውስጥ የሚገባ የብረት ሣጥን ሠራ። የሲኒማው ምስል 18 በ24 ሚሊ ሜትር ነበር። እሱ ፊልሙን በአግድም አስኪዶ ልኩን እጥፍ አደረገው፤ 24 በ36 ሆነ። አንድ የታመመ ሰው ሸክም ለማቅለል ያደረገው ነገር መቶ ዓመት የሚዘልቅ የዓለም መለኪያ ሆነ።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ነገሩን አዘገየው። ፋብሪካው ካሜራውን ላይካ ብሎ በላይፕዚግ የንግድ ትርኢት ለገበያ ያቀረበው በ1925 ነው። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ በታች ነበር። ሰሌዳ የለመዱት ብዙ ባለሙያዎች እንደ መጫወቻ ነበር የቆጠሩት። ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ኔጋቲቭ ምን ሊያሳይ ነው? ክርክሩ ያኔም ዛሬም አንድ ነው፤ «ጥራት የለውም» የሚል።

ትንሽ ካሜራ ማለት የገበያ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ መንግሥታት ከባለሙያዎቹ ቀድመው ገብቷቸው ነበር። ኮዳክ ከ1912 ጀምሮ ኪስ ውስጥ የሚታጠፍ ካሜራ ይሸጥ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜም «የወታደር ካሜራ» እያለ ያስተዋውቀው ነበር። በ1914 የገና በዓል የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮች ከምሽጋቸው ወጥተው አብረው ቆመው የተነሱት ፎቶ የመጣው ከእንዲህ ዓይነት የወታደር ካሜራ ነው። የእንግሊዝ ጦር አዛዦች ብዙም ሳይቆዩ ወታደር ካሜራ እንዳይይዝ ከለከሉ፤ በምትኩ ይፋዊ ፎቶ አንሺዎች ተመደቡ። ጠላት የተባለው ሰው ሲጋራ ሲያጋራ የሚያሳይ ፎቶ ለአዛዥ ከመድፍ ያላነሰ ያስፈራል።

ከዚያ በኋላ ኤሪክ ሳሎሞን መጣ። በርሊናዊ ነው፣ በሙያው የሕግ ምሩቅ። የያዘው ኤርማኖክስ የሚባል፣ በሰሌዳ የሚሠራ ሆኖ ሌንሱ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ትንሽ ካሜራ ነበር። በ1928 ፎቶ በተከለከለበት ችሎት ካሜራውን ባርኔጣው ውስጥ ደብቆ፣ ባርኔጣውን በስቶ ፎቶ አነሳ። ከዚያም ወደ ዲፕሎማቶች ስብሰባ መግባት ጀመረ። እስከዚያ ቀን ሕዝብ የሚያውቃቸው ሚኒስትሮች በትልቅ ካሜራ ፊት ደረታቸውን ነፍተው የቆሙት ናቸው። ሳሎሞን ግን ሌሊት ላይ ወንበር ላይ ተዘርግተው ሲያንቀላፉ አሳያቸው። የፈረንሳዩ ብሪያን «የደፋሮች ንጉሥ» ለማለት የሚቀርብ ቅጽል አወጣለት ይባላል። ሳሎሞን አይሁዳዊ ነበር። ወደ ሆላንድ ቢሰደድም ናዚዎች ደረሱበት፤ በ1944 አውሽቪትዝ ውስጥ ተገደለ።

በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ፣ በዚያው አውሽቪትዝ፣ አስከሬን ለማቃጠል የተገደዱ እስረኞች ተደብቆ የገባ ትንሽ ካሜራ አገኙ። አራት ፎቶ ተነሳ። አንዱ ሰማይና የዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ያሳያል፤ ያነሳው ሰው በእይታ መስኮቱ ለማየት ጊዜ አልነበረውም። ፊልሙ በጥርስ ሳሙና ቱቦ ውስጥ ተደብቆ ከካምፑ ወጣ። ፎቶዎቹ ጥራታቸው ደካማ ነው፤ ዘንበል ብለዋል፣ ደብዝዘዋል። በጥራት ሚዛን ከተመዘኑ ውድቅ ናቸው። ነገር ግን በዚያ ሥፍራ ትልቁ ካሜራ የነበረው በገዳዮቹ እጅ ነው፤ እስረኛውን ከፊትና ከጎን አንስቶ ቁጥር የሚለጥፍበት።

ለትልቁ ካሜራም ፍርድ ማጓደል ተገቢ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ እስከ 1950ዎቹ ድረስ የጋዜጣ ፎቶ አንሺ መታወቂያው ስፒድ ግራፊክ የሚባለው ግዙፍ ካሜራ ነበር። ጆ ሮዘንታል በ1945 ኢዎ ጂማ ደሴት ላይ ወታደሮች ባንዲራ ሲያቆሙ ያነሳው፣ የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ፎቶ የዚህ ካሜራ ሥራ ነው። አንድ ሰሌዳ፣ አንድ ዕድል። ከባድ ካሜራ የያዘ ሰው ፊልሙን ስለሚቆጥብ አስቦ ይተኩሳል የሚሉ አሉ፤ ከእውነት የራቀ አይደለም።

ቀጥሎ የሆነው ግን ትንሽ ያስቃል። ትንሹ ካሜራ አሸነፈ፣ ካሸነፈም በኋላ መወፈር ጀመረ። በ1959 ኒኮን ኤፍ ወጣ። የሚሠራው በባርናክ ፊልም ነው፤ ነገር ግን ሌንሱ የሚያየውን ወደ ዓይን የሚመልስ መስታወትና ፕሪዝም አለው። ቁልፉ ሲጫን መስታወቱ ተነስቶ ይመታል፤ ያ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ የመጣው ከዚያ ነው። ሞተር ተጨመረለት፣ ክንድ የሚያክል ሌንስ ተገጠመለት። በ2002 ካኖን ባለ ሙሉ ፍሬሙን 1ዲኤስ ሲያወጣ ካሜራው ብቻውን ከ1.2 ኪሎ በላይ ይመዝን ነበር፤ ከረጅም ሌንሱ ጋር ወደ ሦስት ኪሎ ይጠጋል። ባርናክ ያወረደው ሸክም ተመልሶ ትከሻ ላይ ወጣ። ከሸክሙ ጋር ፎቶ አንሺው እንደገና ከሩቅ የሚታይ ሰው ሆነ። ጥይት መከላከያ ለብሶ፣ ሁለት ካሜራ አንጠልጥሎ፣ በጦር መኪና ተጭኖ የሚመጣ። ሰው ሲያየው ወይ ይቆምለታል፣ ወይ ይሸሸዋል።

በዚሁ ዘመን አንድ ጣሊያናዊ ነገሩን ገለበጠው። አሌክስ ማዮሊ የታዋቂው የማግነም የፎቶ አንሺዎች ማኅበር አባል ነው። በ2003 አካባቢ ኢራቅንና ኮንጎን ሲዘግብ የያዘው ማንም ቱሪስት ከሱቅ የሚገዛቸውን የኦሊምፐስ ኮምፓክት ካሜራዎች ነበር። ባለሙያዎች ግራ ተጋቡ። ምክንያቱ ግን ቀላል ነበር። የሚመታ መስታወት ስለሌለው ድምፅ የለውም። ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ቅርብም ሩቅም ያለው ነገር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ለጎዳና ፎቶ ይህ ጉድለት ሳይሆን ጥቅም ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ በኪስ ካሜራ ለሚያነሳ ሰው ማንም አይዘጋጅለትም። መዘግየቱን በዘዴ ይቻላል፤ ርቀቱን አስቀድሞ አስተካክሎ መጠበቅ ነው። ማዮሊ በዚያው ሰሞን ትልልቅ የአሜሪካ የፎቶ ጋዜጠኝነት ሽልማቶችን አገኘ። ጥራት የሚሉት ነገር ከሴንሰሩ ብቻ እንደማይለካ ዳኞቹ ሳይቀሩ የመሰከሩ ያህል ነው።

ይሁን እንጂ ከኢራቅ ጦርነት ዓለምን ያናወጠው ፎቶ የማዮሊም አልነበረም፣ ከጦሩ ጋር የዘመቱት ባለ ትልልቅ ካሜራ ጋዜጠኞችም አልነበረም። በ2003 መጨረሻ ላይ በአቡ ግራይብ እስር ቤት የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች እስረኞችን ሲያሰቃዩ በራሳቸው ትንንሽ ዲጂታል ካሜራዎች ፎቶ ይነሱ ነበር። አውራ ጣታቸውን ቀና አድርገው፣ እየሳቁ። አንድ ባልደረባቸው ፎቶዎቹ ያሉበትን ሲዲ ለመርማሪዎች ሰጠ፤ በሚያዝያ 2004 ሲቢኤስ ቴሌቪዥን አሳያቸው። የመከላከያ ሚኒስትሩ ዶናልድ ረምስፌልድ ምክር ቤት ቀርበው ሲናገሩ፣ ወታደሮች ዲጂታል ካሜራ ይዘው እየዞሩ ፎቶ ለመገናኛ ብዙኃን በሚደርስበት ዘመን ሥራ እንዴት እንደከበደ አማረሩ። ከዘጠና ዓመት በፊት የወታደሩን የኪስ ካሜራ የከለከሉት የእንግሊዝ አዛዦች ቢሰሟቸው ኖሮ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ፈረንጆቹ ይህን «የዲጂታል ዘመን ጉድ» አሉት። አዲስ አበባ ግን ጉዱን ያየችው ከዚያ 67 ዓመት ቀደም ብላ ነው።

ጣሊያን በጥቅምት 1935 ኢትዮጵያን ስትወር ሁለት ዓይነት ካሜራ ይዛ ገብታለች። አንደኛው የመንግሥት ነው። ሉቼ የሚባለው የፋሽስቱ መንግሥት የፊልምና የፎቶ ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ ብቻ የተለየ ክፍል አቋቁሞ ነበር። ባለሙያዎች፣ ምርጥ ሌንሶች፣ መኪና፣ የፊልም ማጠቢያ ሁሉ ተሟልቶለታል። ያነሳው ነገር ዛሬም ሲታይ ጥራቱ ያስደንቃል፤ የሚገነባ መንገድ፣ ሰልፍ፣ የሚውለበለብ ባንዲራ፣ እጅ የሚነሳ ባላባት። መርዝ ጋዝ የለበትም። ከአውሮፕላን የወረደው ሰናፍጭ ጋዝ የገበሬውንና የወታደሩን ቆዳ ሲልጥ የሉቼ ካሜራ ፊቱን ወደ መንገድ ሥራው አዙሮ ነበር። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው፤ ያውም እነ አንጄሎ ዴል ቦካን የመሰሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ለዓመታት ሰነድ እያወጡ ከተሟገቱ በኋላ።

ሁለተኛው ካሜራ የወታደሩ የግሉ ነው። የሚታጠፉ ኮዳኮች፣ ርካሽ የሣጥን ካሜራዎች፣ ገንዘብ ያለው መኮንን ከሆነ ላይካ። ለእናትና ለእጮኛ የሚላክ ማስታወሻ ነበር ዓላማው። ግመል፣ ገበያ፣ ድንኳን፣ ልብሷን አስወልቀው ያቆሟት ልጃገረድ። ከእነዚህ ጋር በአንድ ጥቅል ፊልም ላይ ግን ሌላም ነገር አለ።

ዓርብ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። የኔፕልስ ልዑል በመወለዱ የተደረገ በዓል ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ሸሚዞቹ፣ ወታደሮቹና ሲቪል ጣሊያኖች ሦስት ቀን ሙሉ ከተማዋን አረዷት፤ ጎጆዎችን ከነሰዎቹ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ሟቾቹን 30 ሺህ ብሎ መዝግቧል፤ ጉዳዩን ለረጅም ዓመታት ያጠናው ኢያን ካምቤል ወደ 19 ሺህ ይገምታል።

ጭፍጨፋው በትልቁ ካሜራ ለሕዝብ አልታየም። ሉቼ ለሲኒማ ቤቶች የሚያሳየው ሥልጣኔ እንጂ የተቃጠለ ጎጆ አልነበረም። ዛሬ በካምቤልና በሌሎች መጻሕፍት ውስጥ የሚታዩት ፎቶዎች፣ በጎዳና የተረፈረፈ አስከሬን፣ አጠገቡ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ የቆመ ነጭ፣ የተቆረጠ ራስ ይዘው ካሜራውን የሚያዩ ወታደሮች፣ በአብዛኛው ጣሊያኖቹ ራሳቸው በግላቸው ያነሷቸው ናቸው። እንደ አቡ ግራይቡ ሁሉ ያነሱት ለማጋለጥ አልነበረም። አዳኝ ከገደለው አንበሳ ጋር እንደሚነሳው ነው የተነሱት። ኔጋቲቭ ግን አንዴ ከታጠበ በወረቀት ይባዛል፤ ጓደኛ ለጓደኛ ይሰጣል፣ ሻንጣ ውስጥ ይረሳል፣ የተማረከ ወታደር ኪስ ውስጥ ይገኛል። ጉራው ማስረጃ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የኪስ ካሜራን የእውነት ጠበቃ አድርጎ ማወደስ የሚወዱ ሰዎች ቆም ቢሉ ጥሩ ነው። ያ ካሜራ የነበረው በገዳይ እጅ ነው። የት እንደሚቆም፣ ማንን እንደሚያሳይ የመረጠው ገዳዩ ነው። ፎቶው ላይ ጣሊያኑ ፊት አለው፣ ኮፍያው ላይ የክፍሉ ምልክት አለ፤ መሬት የወደቀው ኢትዮጵያዊ ግን በአብዛኛው ስም የለውም። አባቱን ፍለጋ የወጣ ልጅ ያንን ፎቶ ቢያገኝ አባቱ ይሁን አይሁን የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። በሟቾቹ በኩል የቆመ ካሜራ ቢኖር ኖሮ ምን ያሳየን ነበር የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ በዚያን ጊዜ ካሜራ መያዝ ለአዲስ አበባ ድሃ የማይታሰብ ነገር ነበርና። ከወረራው በፊት፣ በ1935፣ አልፍሬድ አይዘንስታት የተባለው ጋዜጠኛ ኢትዮጵያ መጥቶ የአንድ ወታደር የተሰነጣጠቀ ባዶ እግር አንስቷል፤ ፎቶው እስከ ዛሬ ዝነኛ ነው። እሱም ቢሆን የሚያሳየው እግሩን እንጂ ፊቱን አይደለም።

ማስረጃው ደግሞ ፍርድ ቤት አልደረሰም። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ እነ ባዶሊዮና ግራዚያኒ እንዲጠየቁ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ስማቸውን አቅርባ ነበር። በኢትዮጵያ ላይ ለተፈጸመው ወንጀል የተዳኘ ጣሊያናዊ ግን የለም። ግራዚያኒ በ1950 የተፈረደበት ከናዚዎች ጋር በመተባበሩ ነው፤ 19 ዓመት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣ። በ2012 አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት።

የሁለቱ ካሜራዎች ልዩነት እስከ ዛሬ በመዝገብ አያያዛቸው ይታያል። የሉቼ ፊልሞችና ፎቶዎች በሮም በሥርዓት ተቀምጠዋል፤ ቁጥር አላቸው፣ ቀን አላቸው፣ በ2013 ዩኔስኮ በዓለም የመታሰቢያ መዝገብ አስፍሯቸዋል፤ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ብዙዎቹን ማየት ይችላል። የወታደሮቹ ፎቶዎች ግን በየቤቱ ተበትነዋል። አያት ሲሞት የልጅ ልጅ መሳቢያ ሲያጸዳ ያገኛቸዋል። አንዳንዱ ለተመራማሪ ይሰጣል፣ አንዳንዱ አፍሮ ያቃጥላል፣ አንዳንዱ ከነአልበሙ ለአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ይሸጣል። «አፍሪካ 1935-1937» የሚል ዓይነት ጽሑፍ ያለባቸው አልበሞች ዛሬም በጨረታ ድረ ገጾች ላይ ይወጣሉ። የገዛው ሰው እስኪከፍተው ድረስ ውስጡ ግመል ይሁን የካቲት 12 አይታወቅም።